ለቀን ሠራተኛ የክፍያ ቀኑ በሕግ ይወሰን

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ደመወዝ ብዙ ይላል። ክፍያው በሥራ ቀን እንዲፈጸም፣ አሠሪው የክፍያ መዝገብ እንዲይዝ ያዛል። በየስንት ቀኑ ይከፈል የሚለውን ግን ለኅብረት ስምምነት፣ ለሥራ ደንብና ለሥራ ውል ትቶታል። ለባንክ ሠራተኛ ይህ አይጎዳውም። ሳይት ላይ ብሎኬት የሚያወርድ፣ ኮንክሪት የሚያቦካ ሰው ግን ኅብረት ስምምነት የለው፣ ደንብ አላየ፤ ውሉ ካቦው ጠዋት በር ላይ የነገረው ቃል ነው። እርግጥ ውሉ በጽሑፍ ባይሆንም መብቱ አይቀርም ይላል አዋጁ። ቀኑ ያልተወሰነ መብት ግን መቼ ተጣሰ ይባላል?

ቅዳሜ ይከፈላል የተባለው ወደ 15 ቀን፣ 15 ቀኑ ወደ ወር ይገፋል። «ፔይመንት አልተለቀቀም» ይባላል። እስከዚያ ምሳው በዱቤ ነው፣ የቤት ኪራዩም በልመና ይራዘማል። ሥራውን ጥሎ እንዳይሄድ የሠራበት ገንዘብ እዚያው ተይዟል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይርጋው፣ ማለትም ክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ መከፈል ከነበረበት ቀን አንስቶ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ ይታገዳል። የታገሠ፣ «ነገ ና» ሲባል የተመላለሰ ሠራተኛ ጊዜው የሚቆጠረው በራሱ ላይ ነው። በአንቀጽ 38 እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ የተደነገገውም ውሉ ከተቋረጠ በኋላ ሒሳቡን ላዘገየ አሠሪ ነው፤ ሥራ ላይ እያለ ክፍያው ለሚጓተትበት ሠራተኛ አይደርስም።

ሌላ መንገድ አለ። የኒው ዮርክ ግዛት የሠራተኛ ሕግ አንቀጽ 191 የጉልበት ሠራተኛ በየሳምንቱ እንዲከፈለው፣ ክፍያውም ሳምንቱ ካለቀ ከ7 ቀን እንዳያልፍ ያስገድዳል። እዚያው ድርጅት ውስጥ ያለ ጸሐፊ በወር ሁለት ጊዜ ቢከፈለው ሕግ አልተጣሰም። በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው የሚጠብቅበት ተቀማጭ እንደሌለው ሕጉ ያውቃል ማለት ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ መጠየቂያው ጊዜ ደግሞ 6 ዓመት ነው። የእኛ 6 ወር፣ የእነሱ 6 ዓመት! እዚያም አሠሪዎች ዝም አላሉም፤ የክሱ ብዛት አማሯቸው ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2025 ሕጉ ተሻሽሎ፣ በወር ሁለት ጊዜ እየከፈለ ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠፋ አሠሪ የሚከፍለው ካሣ ወደ ወለድ ዝቅ ብሏል። በየሳምንቱ የመክፈል ግዴታው ግን አልተነካም።

ኒው ዮርክ ሩቅ ነው ለሚል፣ የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 85 አለ። በሰዓት ወይም በቀን የሚታሰብለት ሠራተኛ በወር ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ከ16 ቀን ባልበለጠ ልዩነት ይከፈለው ይላል።

ተቋራጮች መልስ አላቸው፤ ፕሮጀክቱን የሚያሠራው መሥሪያ ቤት ክፍያ ያዘገይብናል፣ ከየት እናምጣ ይላሉ። ማዘግየቱ እውነት ነው። ሲሚንቶ ግን ገንዘብ ሳይከፈል ከመጋዘን አይወጣም፣ ናፍጣም እንዲሁ። ለፕሮጀክቱ ያለ ወለድ የሚያበድረው ከሁሉ ድሃ የሆነው ሰው ብቻ ነው፤ ያውም ሳይጠየቅ።

ስለዚህ ለቀን ሠራተኛ ክፍያ ከአንድ ሳምንት፣ ቢበዛ ከ15 ቀን እንዳይበልጥ በአዋጁ ይጻፍ። ንዑስ ተቋራጩ ከፋይ ሆኖ ካልተገኘ ዋናው ተቋራጭ ይክፈል፤ ኒው ዮርክ ይህንንም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ለግንባታ ሥራ ደንግጋዋለች። ይርጋው ደግሞ ሠራተኛው ሥራውን ከለቀቀበት ቀን ጀምሮ ይቆጠር፤ ካቦው ፊት ቆሞ እየሠራ አሠሪውን ይክሰስ ማለት የማይመስል ነገር ነው።