አክተሩ ለምን ሞተ?

ምሳ ላይ ነበርን። ደሴ፣ እህቴ ቤት፣ እሑድ ቀን። ውጭ ይዘንባል፣ ጦሳ በጉም ተሸፍኗል። የእህቴ ልጅና የአጎቱ ልጅ ትሪው ጥግ ተቀምጠው ይከራከራሉ። አንዱ 17፣ ሌላው 18 ዓመቱ ነው። የሚከራከሩት ስለ «አታክ ኦን ታይታን» ነው። የጃፓን አኒሜ ነው፣ በሥዕል የሚሠራ ተከታታይ ፊልም። መነሻው የሆነው የሥዕል መጽሐፍ፣ ማንጋው፣ በፈረንጆቹ 2021 አለቀ፣ አኒሜው ደግሞ በ2023። ክርክሩ ግን አላለቀም። አክተሩ ኤረን ወገኖቹን ላድን ብሎ የቀረውን ዓለም ሊያጠፋ ይነሳል። በመጨረሻ አብራው ያደገችው፣ የምትወደው ሚካሳ ትገድለዋለች። ያላያችሁት ይቅር በሉኝ፣ ይህን ሳልናገር ጠቡን መንገር አልችልም።

«ደራሲው ደክሞት ነው የጨረሰው» ይላል ታላቁ።

የእህቴ ልጅ አልተቀበለም። «ወላሂ ችግሩ መጨረሻው አይደለም» አለ። «ችግሩ አንድ ንግግር ነው። ማንጋው ላይ ጓደኛው አርሚን ኤረንን ለእኛ ብለህ ነፍሰ ገዳይ ሆንክ ብሎ ያመሰግነዋል። እንዴት ያመሰግነዋል? አኒሜው ላይ ግን ተስተካክሏል። ሲኦል አብረን እንገባለን ነው የሚለው። ደራሲው ራሱ ነው ያስተካከለው። መጨረሻው ያው ነው፣ ትርጉሙ ግን ሌላ ሆነ።»

የጠቀለልኩት ጉርሻ እጄ ላይ ቀረ። ይህን የመሰለ ትችት ከትልቅ ሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። ልጁ ታሪክን ከንግግር ለይቶ አየ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሲቀየር ሙሉ ታሪኩ እንደሚቀየር አየ።

ጋሼ ግን ሳህኑን ገፋ አደረጉ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። «ኧረ ተዉን እናንተ ልጆች! በካርቱን ትጣላላችሁ?» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ እንኳ ፈረንጅ አገር የኖርክ ሰው፣ ምከራቸው እንጂ።»

ዝም አልኩ። እህቴ ቡና አቀራረበች። ልጆቹ ቀስ ብለው ተነስተው ወጡ። ያ ዝምታዬ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የምኖረው ኤድመንተን ነው፣ ካናዳ። ብርዱ ከዜሮ በታች 30 የሚገባበት ከተማ። የሰፈራችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እንደሚያውሰው ሁሉ ቪዲዮ ጌም ያውሳል። ከልብ ወለዱ መደርደሪያ ትንሽ አለፍ ብሎ ተደርድሯል። ወር በገባ አንድ ምሽት ሰዎች እዚያ ተሰብስበው ስለተጫወቱት ጌምና ስላዩት አኒሜ ያወራሉ። ጡረታ የወጣች መምህርት አለች። የአውቶቡስ ሾፌር አለ። ወረቀት ላይ ማስታወሻ ይዘው ነው የሚመጡት።

የከተማው ሰው ሁሌ የሚያነሳው አንድ ታሪክ አለ። ባዮዌር የተባለው ጌም ሠሪ ድርጅት እዚሁ ኤድመንተን ነው ያለው። ማርች 2012 ላይ «ማስ ኢፌክት 3» ወጣ። የሦስት ጌሞች መደምደሚያ ነበር። ተጫዋቹ ከ2007 ጀምሮ ማንን እንዳዳነ፣ ማንን እንደተወ ሲቆጠርለት ነው የመጣው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ሦስት ምርጫ ቀረበለት። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። ከቀለሙ በቀር የሚታየው ነገር ብዙም አይለያይም። ሰው ተናደደ። ከተናደዱት አንዳንዶቹ ገንዘብ አዋጥተው ወደ 400 የሚጠጉ ትንንሽ ኬኮች ለድርጅቱ ላኩ። ከላይ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ክሬም። ውስጡ ግን ሁሉም አንድ ጣዕም።

ይህን ስሰማ ብድግ ብዬ ላጨበጭብ ነበር። ቅኔ ነው! ሰሙ ኬክ ነው፣ ወርቁ ስድብ። ድርጅቱም ሰማ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ መጨረሻውን አስፍቶና አብራርቶ በነፃ አወጣው።

እዚያ ምሽት ላይ «ጨዋታ ነው እኮ» ያለ ሰው አልሰማሁም። አንድም ቀን።

ደሴ ግን ጋሼ አሉ። ጋሼን ታዲያ ማን ይናገራቸው? እሳቸው እኮ በዛብህን እስከ ዛሬ ቀብረው አልወጣላቸውም! «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በእኛ አቆጣጠር በ1958 ነው። ጋሼ መጀመሪያ የሰሙት በሬዲዮ ነው፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ። ከልጅነቴ ጀምሮ በዓል በመጣ ቁጥር፣ ጠላው ሲቀዳ፣ «በዛብህን ባይገድሉት ምን ነበረበት?» ይላሉ። እናቴ «ባይሞትማ ማን ያስታውሰው ነበር?» ትላለች። ጋሼ «ሰብለስ? ሰብለ ምን በደለች?» ይላሉ። ድምፃቸው ከፍ ይላል። አንድ ፋሲካ ላይ ተኮራርፈው ያደሩበትን ቀን አስታውሳለሁ። የልጆቹ ክርክር ከዚህ በምን ይለያል? ኤረን ለምን ሞተ፣ በዛብህ ለምን ሞተ። ያው ነው። አንዱ በሬዲዮ መጣ፣ ሌላው በፍላሽ ተጭኖ።

«ጨዋታ» የሚለውን ቃል ማን እንዲህ እንዳሳነሰው አይገባኝም። በእኛ ቋንቋ ጨዋታ ትንሽ ነገር ሆኖ አያውቅም። ወሎ ውስጥ ሰው ሲወደድ «ጨዋታ አዋቂ» ነው የሚባለው። እንግዳ ሲመጣ «ተጫወት» እንላለን። እናወራለን ማለታችን ነው፣ አብረን እንቆያለን ማለታችን ነው።

ፈረንጆቹም እዚህ የደረሱት ተጣልተው ነው። ታዋቂው አሜሪካዊ የፊልም ሐያሲ ሮጀር ኢበርት በ2010 ቪዲዮ ጌም መቼም ጥበብ ሊሆን አይችልም ብሎ ጻፈ። ቀደም ሲልም ምክንያቱን ተናግሮ ነበር። ጥበብ የሚባለው ላይ ደራሲው ነው የሚመራህ፣ ጌም ላይ ግን መራጩ አንተ ነህ። ከባድ ክርክር ነው፣ እኔም ብዙ አስቤበታለሁ። ግን ሰው አጥለቀለቀው። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ፣ ለመጫወት ፈቃደኛ ሳልሆን ስለዚህ ነገር መናገር አልነበረብኝም ብሎ ጻፈ። ሐሳቡን አልቀየረም። ያላየውን ነገር መዳኘት ልክ እንዳልሆነ ግን አመነ። በ2012 ደግሞ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም 14 ቪዲዮ ጌሞችን ስብስቡ ውስጥ አስገባ፣ ቴትሪስና ፓክማን ጭምር።

ጋሼ የአኒሜውን አንድ ክፍል አይተው ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልናደድም ነበር። አንድ ክፍል! ቡና እስኪፈላ ያልቃል።

መጨረሻ አንድ ብቻ መሆን አለበት ያለውስ ማን ነው? «ኢቫንጌሊየን» የተባለው አኒሜ በ1996 ሲያልቅ የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች አክተሩ ልጅ አእምሮ ውስጥ ገብተው ቀሩ። ተመልካቹ ጦርነቱን ሲጠብቅ ደራሲው የልጁን ጭንቀት አሳየው። ጩኸት ሆነ። ዳይሬክተሩ ሂዴአኪ አኖ በ1997 በፊልም ሌላ መጨረሻ ሠራ። በ2021 ደግሞ እንደገና ሌላ። 25 ዓመት ሙሉ ከአንድ መጨረሻ ጋር የታገለ ሰው ነው። እኔ በበኩሌ የመጀመሪያውን እወደዋለሁ፣ ብቻዬን ብሆንም። አያቴም አንዱን ተረት በየማታው ሌላ ቦታ ነበር የምትጨርሰው። ካለቀስን ፍየሏ ትተርፋለች። ካስቸገርን ትበላለች።

ካናዳን እያሞገስኩ እንዳልቀር ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚያ ምሽት ላይ ማንም ማንንም አያሸንፍም። «አስተያየትህን አከብራለሁ» ይባባላሉ። ሁለት ሰዓት ሲሞላ መብራቱ ይጠፋል፣ ሁሉም ወደ መኪናው ይሄዳል። ቀዝቃዛ ነው። ደሴ ቢሆን ተከራካሪህ ቤትህ ድረስ ይሸኝሃል፣ ከዚያ አንተ ደግሞ መልሰህ ትሸኘዋለህ።

በማግስቱ ልጆቹን ይቅርታ ለመጠየቅ ፒያሳ ወዳለው ፕሌይስቴሽን ቤት አብሬያቸው ሄድኩ። ጠባብ ክፍል ነው፣ አራት ቴሌቪዥን። ሦስቱ ላይ ኳስ ነው፣ ተሸናፊ ይከፍላል። ጥግ ላይ ያለው የታሪክ ጌም የሚጫወቱት ልጆች ነው። ግድግዳው ላይ በሲባጎ የታሰረ ደብተር ተንጠልጥሏል። ሴቭ አንድ የእነ እንትና፣ ሴቭ ሁለት የእነ እንትና፣ «አትንኩ» ይላል። ሴቭ ማለት ጌሙ የደረሱበትን ቦታ የሚያስቀምጥበት ነው። ለምን ብዬ ጠየቅኩ። ሂሳቡ በሰዓት ስለሆነ አንድ ልጅ ብቻውን 40 ሰዓት የሚፈጅ ጌም መጨረስ አይችልም። ስለዚህ አራት ሆነው ያዋጣሉ። ሰኞ አንዱ ይጫወታል፣ ማክሰኞ ሌላው ከደረሰበት ይቀጥላል። ያልነበረው ልጅ ምን እንዳለፈው ይተረክለታል። አንዳንዴ ያላወቀ ሰው ሴቩን ያጠፋዋል፣ አንዳንዴ መብራት ይሄዳል። የደረሱበት ቦታ ይጠፋል። ያኔ ቁጭ ብለው መጨረሻውን ራሳቸው ያወራሉ።

ልጅነቴ ትዝ አለኝ። ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት የህንድ ፊልም ስናይ፣ ልክ መጨረሻው ላይ መብራት ድርግም! ብራችን አይመለስም። አንድ ትልቅ ልጅ ግን ጨለማው ውስጥ ይቀጥልልን ነበር። «ከዚያ አክተሩ ከወንዙ ይወጣል…» አክተር አይሞትም ነበር ያኔ። ብዙ ዓመት ቆይቼ አንዱን ፊልም ካናዳ ሆኜ አየሁት። አክተሩ ይሞታል። የእኛ ልጅ የጨረሰልን ይሻል ነበር።

ለልጆቹ ስለ «ኒር ኦቶማታ» ነገርኳቸው። በ2017 የወጣ ጌም ነው፣ ዳይሬክተሩ ዮኮ ታሮ። 26 መጨረሻ አለው፣ ከኤ እስከ ዜድ። ከዋናዎቹ በአንዱ ላይ ጌሙ ይጠይቅሃል። የማታውቀውን፣ የትም ያለ ሌላ ተጫዋች ለመርዳት ሴቭህን ሁሉ ታጠፋለህ? እሺ ካልክ ዓይንህ እያየ ያጠፋዋል። የደከምክበት ሁሉ ይሄዳል።

ኤድመንተን ይህ ጥያቄ ሲነሳ ክርክሩ «የእኔ 40 ሰዓት» ላይ ነበር። ልስጥ ወይስ አልስጥ። ሾፌሩ አልሰጥም አለ፣ መምህርቷ ሰጥታለች።

ፒያሳ ላይ የተመለሰልኝ ግን ሌላ ነው። ጆይስቲክ የያዘው ልጅ ወደ ደብተሩ ዞር ብሎ አየና «ማንን ጠይቄ ነው የማጠፋው?» አለኝ። «ሴቩ የአራታችን ነው።» ሌላው «ለሚረዳው ልጅ እኮ ነው፣ ሦስታችን ከተስማማን ይጥፋ» አለ። ሦስተኛው «ያልመጣው ልጅ ይጠየቅ» አለ። እዚያው ጀመሩት። ጌሙን ትተው። ሰዓቱ እየቆጠረባቸው። ጌሙን የሠራው ሰው ይህን መልስ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።

አሁን የራሴን ልናገር፣ ለካ ዋናው ቁስሌ እሱ ነው። 8ኛ ክፍል ሳለሁ የአማርኛ መምህራችን የጅብና የአህያ ተረት አነበበልንና «በራሳችሁ አገላለጽ ጻፉ» አለን። ተረቱ ላይ አህያዋ ተታላ ትበላለች። እኔ አሳዘነችኝ። እንዳትታለል አድርጌ ጻፍኩት። ጅቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቅ ነጋበት። አንድ ገጽ ተኩል፣ በንጹህ ጽሕፈት። ደብተሩ ሲመለስ ከ10 ዜሮ። በቀይ እስክሪብቶ «ታሪኩን ማን ቀይር አለህ?» ይላል። ክፍሉ ፊት አስነስቶ አስነበበኝ፣ ተሳቀ። በራሳችሁ አገላለጽ ያለው እሱ አይደለም እንዴ? ከዚያ ወዲህ አንድም ታሪክ በራሴ መጨረሻ ጽፌ አላውቅም። ከ20 ዓመት በላይ ሆነው። አምና የ9 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ያነበብሽውን መጽሐፍ ሌላ መጨረሻ ስጪው ይላል። «አባዬ ምን ላድርገው?» አለችኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ትንሽ ቆየሁ።

ከደሴ ከተመለስኩ በኋላ ለእህቴ ልጅ ደወልኩለት። ያን ቀን ዝም ማለት አልነበረብኝም አልኩት። «አብሽር» አለኝ። ከዚያ ኤረንን አንተ ብትሆን እንዴት ትጨርሰው ነበር ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለና «ጽፌዋለሁ እኮ» አለ። ለማንም አላሳየም።

በቴሌግራም ላከልኝ፣ የደብተር ፎቶ፣ 14 ገጽ። ፎቶው ጨለም ብሏል፣ በሻማ ነው መሰል ያነሳው። 11 ገጽ አንብቤያለሁ። አርሚንን አስተካክሎታል፣ ይበልጥ ጠንካራ አድርጎታል። ሚካሳን ግን አገሩን ጥላ በመርከብ እንድትሄድ አድርጓታል፣ ለመቃብሩ እንኳ ሳትሰናበት። ይህን አልተቀበልኩትም። ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ። ትመለሳለች ወይስ እዚያው ትቀራለች? ካልተመለሰችስ መቃብሩን ማን ይጠብቀው?