ማስተካከያ፦ በኬንያ ባሕር ዳርቻ መሬት ስለመግዛት

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ውስጥ በቴሌግራም የሚዘዋወር መረጃ አለ። «ሞምባሳና ዲያኒ ላይ የገዛችሁት መሬት ለልጅ ልጅ የሚተርፍ የዘላለም ይዞታ ነው» ይላል። ይህ ስህተት ነው።

የኬንያ ሕገ መንግሥት (2010 እ.ኤ.አ.) አንቀጽ 65 የውጭ ዜጋ መሬት በሊዝ ብቻ እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ ጣሪያው 99 ዓመት ነው። ውሉ ላይ «ለዘላለም» ተብሎ ቢጻፍም ሕጉ የሚቆጥረው 99 ዓመት ብቻ ነው። «ኩባንያ አቋቁመን እናልፈዋለን» የሚሉም አሉ። አይሆንም። ኩባንያ እንደ ዜጋ የሚታየው ሙሉ በሙሉ የኬንያውያን ሲሆን ነው።

ሊዝ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። እኛም ጋ የከተማ መኖሪያ ቦታ እስከ 99 ዓመት ነው የሚሰጠው። ዋናው ጉዳይ ከሻጩ ሊዝ ስንት ዓመት እንደቀረ ማወቅ ነው። ደላላ ይህን ቀድሞ አይነግራችሁም፤ የመሬቱን መዝገብ በጠበቃ አስፈትሹ።

«የግል ባሕር ዳርቻ» የሚለውም ማስታወቂያ ውሸት ነው። የባሕሩ ውሃ ሲሞላ በሚደርስበትና ሲጎድል በሚመለስበት መስመር መካከል ያለው መሬት የሕዝብ ነው። የእርሻ መሬት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ለውጭ ዜጋ በተለመደው መንገድ አይተላለፍም።

ገንዘቡስ? መረጃው «እዚሁ በብር ክፈሉ፣ እዚያ እናስረክባለን» ይላል። ይሄ የጥቁር ገበያ ሐዋላ ነው፣ ሕገወጥ ነው። ብሩ ቢበላ የት ትከሳላችሁ?