ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው

ቢጫ ጃንጥላ የያዘችው አስጎብኚ «ጥያቄ ያለው?» ብላ ሳትጨርስ የአጎቴ እጅ ወጣ። ልቤ ድንግጥ አለ። ጋሼ እጃቸውን የሚያወጡት እንደ ተማሪ ጣት ቀስረው አይደለም። መዳፋቸውን ዘርጋ፣ ክርናቸውን አጠፍ፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ነው። ዕድር ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን አወጣጥ ያውቀዋል። ትርጉሙ «ወንበራችሁን አመቻቹ» ነው።

«ንገራት እስቲ» አሉኝ። «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው በላት።»

ያለነው ፕራግ ነው። ዮሴፎቭ የሚባለው የድሮው የአይሁድ ሰፈር። ጋሼ ሊጠይቁኝ ከአዲስ አበባ ጀርመን መጡ። ሶፋ ላይ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ዜና ከሚያዩ ብዬ በአውቶቡስ ይዣቸው ሄድኩ። የደረስነው ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ ሰንበት ስለሆነ ምኩራቦቹ ለጎብኚ ዝግ ናቸው። እኔ ስናደድ ጋሼ ደስ አላቸው። «እኛም እኮ ቀዳሚት ሰንበትን እናከብራለን» አሉ። ሠላሳ ዓመት መርካቶ ሲነግዱ ሱቃቸው ጢም የሚለው ቅዳሜ ነበር። ዝም አልኩ።

ጉብኝቱ እሑድ በ10 ሰዓት ይጀምራል ስላቸው «እስከዚያ ታዲያ ምን ስንሠራ ልንውል ነው?» አሉ። የኔ 10 የፈረንጅ ነው። የሳቸው 10 ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። «አራት ሰዓት ማለቴ ነው» ብዬ አስተካከልኩ። «አራት ከሆነ አራት አትልም?» ብለው ተቆጡ። አንድ ሰዓት ቀድመን ደርሰን ብርድ ላይ ቆምን።

ወደ እጁ ልመለስ። አስጎብኚዋ የቆመችው አሮጌ-አዲስ የምትባለው ምኩራብ ፊት ለፊት ነው። ስሟ ራሱ እንደዚያ ነው፣ አሮጌም አዲስም። በ1270 ገደማ ተሠራች፤ ዛሬም ጸሎት ከሚደረግባቸው የአውሮፓ ምኩራቦች በዕድሜ የሚበልጣት የለም። ጋሼ ከጠዋት ጀምሮ የሰሙትን ዓመት ሁሉ ሰባት ስምንት እየቀነሱ ወደ ኛ አቆጣጠር ሲመልሱ ነበር። 1270 ላይ ግን ቅነሳው ቀረ። ለምን ቢሉ፣ ይኩኖ አምላክ ዛጉዌን አሸንፈው የሰሎሞንን ሥርወ መንግሥት መለሱ የሚባለው በ1270 ነዋ! ቢቀነስ አይገጥምም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ጀመሩ። ሥሩ ንግሥተ ሳባ ሆነች። ከሳባ ቀዳማዊ ምኒልክ፣ ከምኒልክ ታቦተ ጽዮን፣ ከታቦቱ አክሱም። አሥራ አራት ጎብኚ ቆሞ ያያቸዋል። አንድ አዛውንት ፈረንጅ የሚያዳምጡ መስሏቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አማርኛ መሆኑን ያወቁት እንኳ አይመስለኝም።

«ነገርን ከሥሩ» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ቤት የሚመታ፣ አፍ ላይ የሚጥም ተረት ነው። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ሥሩ የት ጋ እንደሚያልቅ አይናገርም። በተረቱ የመጣ ቂም ደግሞ አለኝ። አዲስ አበባ እያለሁ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም የውሃ ፓምፑ ተቃጠለ። እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነዋሪው ተሰበሰበ። አጀንዳው አንድ ነው፤ በነፍስ ወከፍ ስንት እናዋጣ? አንድ ጎልማሳ ተነሳና መዳፉን ዘረጋ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ አለ። ሥሩ ዕጣ የወጣበት ቀን ሆነ። ከዕጣው ወደ ኮንትራክተሩ፣ ከኮንትራክተሩ ወደ ሲሚንቶ ዋጋ ሄደ። ከዚያ የተነሱት ሁሉ «ከኔ በፊት የተናገሩት ወንድሜ ጨርሰውታል፣ እኔ ለማጠናከር ያህል» እያሉ አጠናከሩ። 7 ሰዓት ላይ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ተመረጠ። ሥሩን አገኘነው። ውሃው ግን ሦስት ሳምንት አልመጣም። አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ጀርመን አገር ቧንቧ ስከፍት ያ ሰውዬ ትዝ ይለኛል። ይቅርታ አላደርግለትም።

ጋሼ ጨርሰዋል፤ አሁን ሊተረጎም ነው። ዞር ብዬ ለልጅቱ «በጣም ጥንታዊ ነው ይላሉ» አልኳት። «አዎ፣ በጣም» ብላ ፈገግ አለች። ጋሼ ዓይናቸውን አጠበቡ።

«ያን ሁሉ ተናግሬ ሦስት ቃል?»

«እንግሊዝኛ አጭር ነው ጋሼ።»

ምኩራቧ ውስጥ ስንገባ ወንድ ሁሉ ራሱን መሸፈን አለበት። እኛ ቤተ ክርስቲያን ጫማ አውልቀን፣ ኮፍያ አውልቀን እንገባለን። እዚህ ጫማው እግር ላይ፣ ቆቡ ራስ ላይ። በር ላይ የሚሰጡት ክብ ቆብ እኔ ፀጉር ላይ አልረጋ ብሎ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ጋሼ ራሰ በራ ናቸው፤ የሳቸው እንደ ምጣድ ክዳን ልክክ ብሎ ተቀመጠ። «አየህ፣ ያውቀኛል» አሉ።

ጎለም የሚባለውን ነገር የሰማነውም እዚያው ነው። ረቢ ሎው የሚባሉ ታላቅ ሊቅ ነበሩ፤ ያረፉት በ1609 ነው። ከወንዙ ዳር ጭቃ አምጥተው ሰው ሠሩ፣ ነፍስ ዘሩበት፣ ሰፈሩን ይጠብቅ ነበር ይላል ተረቱ። ለሳቸው የተለጠፈላቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው። በአንዱ አተራረክ ግንባሩ ላይ «እሜት» የሚል ቃል ተጽፏል፣ እውነት ማለት ነው። ሥራው ሲያልቅ የመጀመሪያዋን ፊደል ይደመስሷታል፤ «ሜት» ይቀራል። ይህን ሳትተረጉምልኝ ገባኝ። ሞት በነሱም በኛም ከአንድ ሥር ነው። በድኑ ዛሬም ምኩራቧ ጣሪያ ሥር አለ ይባላል። ለጋሼ ሳስረዳቸው «ታዲያ ጭቃ ሹም አትለኝም?» አሉ። «አያትህ ጭቃ ሹም ነበሩ። እሳቸውም ሰው ያስፈራሩ ነበር።» ይህን አልተረጎምኩም። እንዴት ብዬ?

ከምኩራቧ አጠገብ የአይሁድ ማዘጋጃ ቤት አለ። ማማው ላይ እንደማንኛውም ሰዓት የሚዞር ሰዓት አለ። ዝቅ ብሎ ደግሞ ሌላ አለ። ቁጥሮቹ የዕብራይስጥ ፊደል ናቸው። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል፣ ስለዚህ ዘንጎቹም ወደ ኋላ ይዞራሉ። ጎብኚው ሁሉ «ዋው!» ብሎ ስልኩን አወጣ። ጋሼ አልገረማቸውም። ምን ይገርማቸዋል? እኛ የእጅ ሰዓታችን 10 ላይ ቆሞ እያየነው «አራት ሰዓት ሆነ» የምንል ሕዝብ ነን።

ግን ፊደሎቹን አተኩረው አዩ። ከዚያ ሳያስበው እንደሚያዜም ሰው ጀመሩ። «አሌፍ… ቤት… ጋሜል… ዳሌጥ…» ልጅ ሆነው ዳዊት ደግመዋል። መዝሙር 118 በነዚህ ፊደላት ስም ነው የተከፋፈለው። ሃያ ሁለቱንም ሳይሳሳቱ ወረዱት። አስጎብኚዋ ጃንጥላዋን ዝቅ አድርጋ አየቻቸው። ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። እውነቱን ልናገር፣ ደረቴን ነፋሁ። እዚያ ላይ ቢያበቁ ምናለ? ግን ጭብጨባ ለሚናገር ሰው ቤንዚን ነው። መዳፉ ተዘረጋ።

ፓሪዝስካ ጎዳና ላይ ያሉት ብቻ ነጥብ ነበረው። ሰፈሩ ድሮ እንዲህ አልነበረም። እርጥብ፣ ጠባብ፣ ሰው በሰው ላይ የሚኖርበት ሰፈር ነበር። ስሙም የመጣው ዳግማዊ ዮሴፍ ከሚባለው ንጉሠ ነገሥት ነው፣ አይሁድ ላይ የነበረውን ክልከላ በአዋጅ ስላላላ። ከ1893 ጀምሮ ለጤና፣ ለንጽሕና ተብሎ አፈረሱት። የተረፉት ጥቂት ምኩራቦች፣ ማዘጋጃ ቤቱና መቃብሩ ናቸው። በፈረሰው ላይ ባለ ጌጥ ፎቆች ቆሙ። ዛሬ መስኮቶቹ ውስጥ የሚታየው የእጅ ቦርሳ ነው። ጋሼ የአንዱን ዋጋ አይተው ወደ ብር መነዘሩና ዝም አሉ። ቀጥለው «ኮሪደር ልማት ነዋ!» አሉ። ይህችን ቃል በቃል ተረጎምኳት። ልጅቱ ኮሪደር ማለት የቤት መተላለፊያ መስሏት ግራ ገባት። ፒያሳን ያየ ይተርጉምላት።

ከዚያ ፒንካስ ምኩራብ ገባን።

ግድግዳው ሁሉ ስም ነው። ከጣሪያ እስከ ወገብ፣ ክፍል በክፍል፣ በእጅ የተጻፈ ስም። በናዚ ዘመን ያለቁ፣ የዛሬዋ ቼክ ክፍሎች የሆኑት የቦሄሚያና የሞራቪያ አይሁድ ናቸው፣ 78,000 ያህል። በያሉበት ከተማ ተደርድረዋል። ከስሙ ጎን የተወለዱበት ቀን አለ። ከ1968 በኋላ ቤቱ ለረጅም ዘመን ተዘጋ፣ ስሞቹም ጠፉ። በ1990ዎቹ እንደገና ከመጀመሪያው ተጻፉ። ፎቁ ላይ ቴሬዚን በሚባለው የናዚ ማጎሪያ ታስረው የነበሩ ሕፃናት የሣሏቸው ሥዕሎች አሉ። አንዱ ላይ ቤት፣ ዛፍ፣ ፀሐይ። የትም አገር ያለ ልጅ የሚሥለው ሥዕል።

ጋሼ ግድግዳው ሥር ቆመው አፍንጫቸውን አስጠጉ። ፊደሉ በጣም ደቃቅ ነው። ቆይተው በሹክሹክታ «ይሄ ሁሉ ስም ነው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ሁሉም?»

ከጠዋት ጀምሮ የጠየቁት ጥያቄ ይህ ብቻ ነበር።

መቃብሩ ጋ ስንወጣ ግን ትንፋሻቸው ተመለሰ። 12,000 የሚሆን ድንጋይ እንደ ታመመ ጥርስ እርስ በርስ ተደጋግፎ ቆሟል። ቦታው ሲሞላ ማስፋት አልተፈቀደም፣ የሞተውን ማንሳት ደግሞ ሃይማኖቱ አይፈቅድም። ስለዚህ አፈር እየጨመሩ አንዱን ባንዱ ላይ ቀበሩ። አንዳንዱ ጋ እስከ 12 ድርብ ይደርሳል። እስከ 1787 እንዲህ ኖሩ። ጋሼ ይህን ሰምተው መዳፋቸውን ዘረጉ። «ንገራት፣ እኛ አገር አይሁድና ክርስቲያን ተከባብሮና ተቻችሎ ነው የኖረው በላት።»

እዚህ ላይ ቀልዱ አለቀብኝ።

ጋሼ ጎንደር ነው ያደጉት፣ እኔም አያቴ ጋ ክረምት ክረምት እሄድ ነበር። ከከተማው በደባርቅ መንገድ ወጣ ብሎ ወለቃ አለ። የቤተ እስራኤል መንደር ነበር። «ፈላሻ» እንላቸው ነበር፣ እነሱ ራሳቸውን እንዲያ አይጠሩም። ርስት የላቸውም ነበር። ወንዶቹ ቀጥቃጭ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ። ማረሻችን ከነሱ፣ ጀበናችን ከነሱ። ስማቸው ግን ቡዳ። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይባል ነበር። ጋሼም እንቢ ስል «ቡዳ ይብላህ?» ይሉኝ ነበር። አያቴ ጀበና ከወለቃ ታስመጣለች። ቡናውን በዚያው ጀበና አፍልታ እየጠጣች፣ የጀበናዋን ባለቤት ዓይን ትፈራለች። ስንገናኝ የሰሎሞን ዘር ነን ብለን እንኮራለን። የሰሎሞንን ሃይማኖት የያዘውን ጎረቤት ግን እሳት አናስጭርም። በፈረንጆቹ 1991 ግንቦት ላይ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ወጣ። ወለቃ ላይ የቀረው የዳዊት ኮከብ የተሣለበት ቤትና ለቱሪስት የሚሸጥ የሸክላ ምስል ነው። መቻቻል!

ይህን ለጋሼ አልነገርኳቸውም። ትልቅ ሰው ናቸው፣ እንግዳም ናቸው፣ መቃብር ላይም ነን። ለልጅቱ «መቃብሩ በጣም ጥንታዊ ነው ይላሉ» ብዬ ተረጎምኩ። ጋሼ እንግሊዝኛው እንደ ጠዋቱ መሆኑን ያወቁ መሰለኝ። አላመኑኝም።

ጉብኝቱ አለቀ። ብርዱ ጨምሯል። አዛውንቱ ፈረንጅ ኮታቸውን ቆለፉ። ጋሼ ጉርሻ ስንት እንደሚሰጥ ሊጠይቁኝ ቦርሳቸውን አውጥተዋል። ልጅቱ ጃንጥላዋን አጥፋ ለመጨረሻ ጊዜ «ጥያቄ ያለው?» አለች።

እጄ ወጣ። ጣቴ አልተቀሰረም፤ መዳፌ ነው የተዘረጋው። «ጥያቄ እንኳ አይደለም» አልኳት። ስለ ወለቃ ጀመርኩ። ከወለቃ ወደ ጀበናው፣ ከጀበናው ወደ አያቴ፣ ከአያቴ ወደ ጎለሙ ጭቃ ተመለስኩ። የሆነ ቦታ ላይ፣ እንዴት እንደገባ እንጃ፣ የኮንዶሚኒየሙ ፓምፕም ተነሳ። ሁለት ሰዎች ሹልክ ብለው ሄዱ። ልጅቱ ከአንዱ እግሯ ወደ ሌላው እየቀያየረች ራሷን ትነቀንቃለች።

ጋሼ ክርኔን ነካ አደረጉኝ።

«አሳጥረው እንጂ አንተ። የሰው ሰዓት ነው።»