አንተም እንዲህ ብትጽፍ

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ በቴሌግራም አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ላኩልኝ። ስልክ በቴሌግራም ፋይል ተጨናንቆ አልሠራ ሲል እንዴት እንደሚጸዳ የሚያስረዳ ነው። ከሥሩ «ልጄ ይቺን አንብባት፣ አንተም እንዲህ የሚጠቅም ነገር ብትጽፍ ጥሩ ነበር» ብለውበታል። አነበብኳት። የኔ ናት።

የኔ ናት ስል ትመሳሰላለች ማለቴ አይደለም፣ ሀሳቡ ተገጣጥሞ ነው ማለቴም አይደለም፣ ስለ ስልክና ስለ ኮምፒዩተር ከምጽፍበት ከብሎጌ ላይ ቃል በቃል ተነስታ የሄደች ናት። «ከታች ባለው ምስል እንደምታዩት» ትላለች፣ ከታች ምስል የለም፣ ከታች ያለው «ቻናላችንን ተቀላቀሉ» የሚል ነው ከነእሳት ኢሞጂው። «ባለፈው ሳምንት እንደጻፍኩት» የምትል ዓረፍተ ነገርም አብራ ሄዳለች፣ ባለፈው ሳምንት ቻናሉ የለጠፈው የዶላር ምንዛሪና የኳስ ውጤት ነው። ባለቻናሉ ከራሱ ያዋጣው ነገር ቢኖር አርዕስት ነው፣ እኔ «የቴሌግራም ካሽ እንዴት ይጸዳል» ያልኩትን (ካሽ ማለት ቴሌግራም ስልካችሁ ላይ የሚያጠራቅመው ፋይል ነው) «ስልካችሁ ሊፈነዳ ነው!! ሳይረፍድ አንብቡት» አድርጎታል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዛ አርዕስት እኔም ደንግጬ ነው የከፈትኩት። ያየው ሰው ብዛት ደሞ በ«ኬ»፣ በሺህ ማለት ነው፣ ነው የተጻፈው። የኔ ብሎግ ላይ «ኬ» የምትባል ፊደል ገብታ አታውቅም።

ጋሼን ደሞ አስቡልኝ። ጽሑፏን ያስጻፉኝ እሳቸው ናቸው እኮ! ለፋሲካ እቤታቸው ሄጄ «ይሄ ስልክ አበደብኝ» ብለው ሰጡኝ፣ ብከፍተው የሻማ፣ የጽጌረዳ፣ የ«መልካም ቀን ይሁንላችሁ» ፎቶ ጢም ብሎበታል። ሴቲንግ፣ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ስቶሬጅ ዩሴጅ፣ ክሊር ካሽ፣ አለቀ። የተሰረዘው ነገር ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስላለ ሲፈልጉት ተመልሶ ይወርዳል፣ እንዳይደገም ደሞ ፋይሉ ስልክ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ «ለዘላለም» ከሚለው ወደ አንድ ሳምንት ማውረድ ነው። ይሄንኑ እቤት ገብቼ ጻፍኩት። ተዟዙሮ እሳቸው ጋ ደረሰና ለኔ ምክር ሆኖ መጣ።

አያቴ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ትል ነበር። ይቺን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የምወዳት፣ አጭር ናት፣ ቤት ትመታለች፣ ስድቧም የጨዋ ነው። አያቴ የምታወጣት ሰርግ ሲመጣ ነው። ሰፈራችን ሰርግ ሲደርስ ሀብል መዋዋስ ደንብ ነበር፣ ያቺው አንዲት ሀብል ከቤት ቤት ትዞራለች፣ የሰፈሩን የሰርግ አልበም ብታገላብጡ አንገቱ ይቀያየራል እንጂ ሀብሏ ያቺው ናት። አያቴ ታውሳለች እንጂ አትዋስም። ከዛ ዳሱ ውስጥ ጥግ ይዛ ትቀመጥና የተዋሰችዋን ሴት ከሩቅ እያየች «ምን ዋጋ አለው፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ» ትላለች፣ ወርቁ የሷ ስለሆነ የመናገር ሥልጣኑም ያላት እሷ ናት። ሴትየዋ ግን ደምቃለች። እኔ አይቻለሁ፣ በደንብ ነው የደመቀችው።

አያቴ ቴሌግራም ሳታይ ነው ያለፈችው። ብታይ ተረቷን ትተወው ነበር፣ እዚህ ሰፈር የሰው ወርቅ እንደ ጉድ ያደምቃል፣ ባለቤቱን ነው የሚያጨልመው። ደሞ ሀብል የተዋሰች ሴት እኮ ሰኞ መልሳ ታመጣለች።

ሳስበው ሳስበው ግን ነገሩ ከተረቱ ራሱ ሳይጀምር አይቀርም። ይሄን ተረት ማን ፈጠረው? አይታወቅም። «አበው ሲተርቱ» ይባልና ይታለፋል፣ አበው ደሞ ስልክ የላቸውም፣ ቅሬታ አያቀርቡም። እንዲህ ሆነን ስላደግን ጥሩ ነገር ባለቤት ያለው አይመስለንም፣ ከሰማይ የወረደ፣ የጋራ የሆነ ነገር ነው። መጥፎ ነገር ሲሆን ነው «ማነው የጻፈው?» የሚባለው፣ ያኔ ስም ይፈለጋል፣ አድራሻ ይፈለጋል፣ አንዳንዴም ሰውየው ራሱ ይፈለጋል።

እናቴ ይሄ ከማናችንም በላይ ነው የገባት። ብሎግ ጀመርኩ ስላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ስምህን አልጻፍክበትም አይደል?» ብላ ነው። አልፈርድባትም። በፈረንጅ 2006 ብሎጎች የሚቀመጡበት ብሎግስፖት እንዳለ አገር ውስጥ አልከፍት ብሎ ነበር፣ በኛ 2006 ሚያዝያ ላይ ደሞ የዞን 9 ጦማሪዎች ታሰሩ፣ እናቴ «ብሎገር» የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ከዜና ነው፣ ከ«ክስ» ጋር ተያይዞ። «እማ እኔ የምጽፈው ስለ ቻርጀር ነው» አልኳት። «ቻርጀርም ቢሆን» አለችኝ። እስከ ዛሬ ዘመድ ልጅሽ ምን ይሠራል ሲላት «ኮምፒዩተር ነገር» ብላ ነው የምታልፈው፣ ዘመዱ በዚሁ ሰበብ ፕሪንተር ሊያሠራኝ ይደውላል።

ወደ ነገሬ ስመለስ፣ ሕግ የለም እንዳትሉኝ። አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ እንኳ ስለ ድርሰት ባለቤትነት ተጽፏል፣ ከዛ ደሞ ራሱን የቻለ የቅጅ መብት አዋጅ ወጣ፣ ቁጥር 410/1996። ጸሐፊው ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብት አለው፣ የጥቅሙ መብት ደሞ ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ወራሾቼ ይታዩኛል። አንዱ ልጄ ቤቱን ይወስዳል (ቤት የለኝም)፣ አንዱ ደሞ «ስልክ ሲሞቅ ምን እናድርግ» የሚለውን ጽሑፍ ለ50 ዓመት ይወርሳል። ስልኩ ራሱ ከ3 ዓመት አያልፍም።

እንዲህ የምንገበገበው ግን ለገንዘብ አይደለም፣ ከዚች ብሎግ ገንዘብ አይቼ አላውቅም። አማርኛ ኮምፒዩተር ላይ መጻፍ ምን ያህል ስቃይ እንደነበረ ስለማውቅ ነው። እዚህ ላይ አንድ የቆየ ቂም አለብኝ፣ ሳልናገር አላልፍም። ድሮ የሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ደብዳቤ ሁሉ የሚጻፈው በድሮው ፎንት ነው፣ ያ ፎንት የሌለው ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክትና የዶላር ምልክት ሆኖ ቁጭ ይላል። የግዕዝ ፊደል እኮ በፈረንጅ 1999 ዩኒኮድ 3.0 ላይ፣ ኮምፒዩተር ሁሉ የሚግባባበት የፊደል መዝገብ ውስጥ፣ ገብቷል! ከዛ ወዲህ «ሀ» የትም ዓለም «ሀ» ናት፣ ቶኪዮም ላካት አዳማ። ይሄን ለአለቃዬ አስረዳሁ፣ ስላይድ አዘጋጅቼ አስረዳሁ። ሰውየው መነጽሩን አውርዶ አየና «ፊደሉ ቀጠነብኝ» አለ። በቃ። ስብሰባው አለቀ። ይሄው በድሮው ፎንት የተጻፈ የዚያ ዘመን ፋይል ሁሉ ዛሬ ጎግል አያገኘው፣ ሰው ኮፒ አያደርገው፣ ፊደሉ ግን ወፍራም ነው። አሁን ጡረታ ወጥቷል አሉ፣ እድሜ ይስጠው፣ እኔ ግን አልረሳሁለትም።

በዩኒኮድ መጻፍም ቢሆን አልጋ በአልጋ አይደለም። አንድ የአማርኛ ፊደል ኮምፒዩተሩ ሲያስቀምጠው 3 ባይት ይይዛል፣ የእንግሊዝኛው 1። ኤስኤምኤስ በአማርኛ 70 ፊደል ላይ ይሞላል፣ በእንግሊዝኛ 160፣ ታዲያ ሰው «ሰላም ነህ» ለማለት በፈረንጅ ፊደል ቢጽፍ ይፈረድበታል? ጭራሽ ደሞ ፍለጋው። አንዱ «ሃርድ ዲስክ» ብሎ ይፈልጋል፣ አንዱ «ሀርድ ዲስክ»፣ አንዱ የቤተ ክህነት ልጅ «ሐርድ ዲስክ»፣ አንዱ «ስክሪን» አንዱ «እስክሪን»፣ ስለዚህ እኔ ጽሑፉ ውስጥ ሁሉንም ዓይነት አጻጻፍ እየቀያየርኩ እሰገስጋለሁ፣ አንባቢ ደሞ «ፊደል እንኳ በቅጡ አታውቅም» ብሎ ይሰድበኛል። ቀኑም አለ፣ እኔ የምጠቀምበት ሲስተም 12 ወር ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ጳጉሜ 3 የጻፍኩትን ሴፕቴምበር ብሎ ይለጥፈዋል፣ ሴፕቴምበርን መስከረም ያደረገ አንድ ሰው «ገና 2017 ላይ ነን፣ ምነው ቸኮልክ» አለኝ።

ብሎጉን አሻሽል አሻሽል ስባል ደሞ ያሻሻልኩት ሁሉ ለማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሰው በጥቅል ዳታ ነው የሚያነበው ብዬ፣ ከስልክ ካሜራ ሦስት አራት ሜጋባይት ሆኖ የሚወጣውን ፎቶ ከ100 ኪሎባይት በታች አወረድኩት። ከላይ የሚሽከረከረውን ፎቶ አነሳሁት፣ ለውበት የጫንኩትን ፎንት አወጣሁት፣ የዛሬ ስልክ የግዕዝ ፊደል ከራሱ ጋር ይዞ ስለሚመጣ ምን ያደርጋል። ገጹ በደካማ ኔትወርክ እንኳ ፍጥን ብሎ እንዲከፍት ሌሊት እየተነሳሁ ለፋሁ። ባለቻናሉ ግን በዚህም በለጠኝ፣ ፎቶውን በሙሉ አጥፍቶ ከኔ በላይ አቀለለው።

የዘመድ ግሩፓችን ላይ የብሎጌን ሊንክ ብልክስ? «ሊንክ አልከፍትም፣ ቫይረስ ነው» ይሉኛል። ይሄ አባባል በጣም ነው የሚያበሽቀኝ፣ ምክንያቱም እዛው ግሩፕ ላይ ከኔ መልእክት በላይ «በዓሉን ምክንያት በማድረግ 50 ጂቢ ነጻ ኢንተርኔት! ለማግኘት ለ15 ሰው ሼር ያድርጉ» የሚል ሊንክ አለ፣ ያንን ሁሉም ከፍቶታል፣ ለ15 ሰውም ልኮታል፣ ያልተማረ አይደለም እኮ፣ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው የአጎቴ ልጅ ነው የላከው፣ 50ውን ጂቢ እስከ ዛሬ እየጠበቀ ነው። የኔን ሊንክ ግን ይፈራል። እኔን! ራውተሩን የገጠምኩለትን ሰውዬ! አጭበርባሪውን አምኖ ዘመዱን የሚጠረጥር ሰው ጋ ምን ተብሎ ስለ ኢንተርኔት ደኅንነት ይጻፋል።

«ለምን ቲክቶክ አትሠራም» የሚሉት ላይ ጊዜ አላጠፋም። የካሽ አጸዳድን እየደነስኩ አላስረዳም።

በዛ ላይ ቴሌግራም ራሱ ከኛ የተሻለ ጨዋ ነው። አንድን መልእክት ፎርዋርድ ስታደርጉት ከየት እንደመጣ ከላይ ራሱ ይጽፋል፣ ማንም ሳይጠይቀው። ስሙ እንዲጠፋ ተጨማሪ ድካም ያስፈልጋል፣ ወይ ስም ደብቅ የሚለውን መንካት ነው ወይ ኮፒ ፔስት። ማለትም ሰዎቻችን ምንጭ የማይጠቅሱት ሰንፈው አይደለም፣ ለፍተው ነው።

ለጋሼ ነገርኳቸው በመጨረሻ። ደውዬ «ጋሼ ያቺ የላኩልኝ ጽሑፍ እኮ የኔ ናት» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እና ለምን ስምህን አልጻፍክበትም?» አሉኝ። ጽፌበት ነበር፣ ነቅለውት ነው ብዬ ላስረዳ ስል «አይ ልጄ፣ ሰው ሥራውን አጥብቆ መያዝ አለበት» ብለው የወጣትን ዝርክርክነት በተመለከተ ሰፋ ያለ ትምህርት ሰጡኝ፣ እግረ መንገዳቸውን የእናቴ ነገር ነው፣ እሷ ናት ያቀበጠችህ አሉ፣ እሱ ሌላ የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አላነሳውም።

ለባለቻናሉም ጻፍኩለት፣ በትህትና፣ «ወንድሜ ጽሑፉን ስለወደድከው ደስ ብሎኛል፣ ምንጩን ብትጠቅስልኝ» ብዬ። ከሰዓታት በኋላ መለሰ፣ ከነሁለት እጅ ጸሎት ኢሞጂው፣ «ብሮ እኛ እኮ እያስተዋወቅንህ ነው» አለኝ። በምን ስም ነው የምታስተዋውቀኝ ልለው ነበር፣ ተውኩት። ገብቼ ሳየው አስተካክሎታል። ከሥሩ በደማቁ «ምንጭ፦ ኢንተርኔት» ይላል። ከዛች በታች ደሞ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ እኔ ያላሰብኩትን «ክፍል ሁለት ይቀጥላል» ጨምሮበታል።

ማታ ላይ እንደገና ጻፈልኝ። «ብሮ ክፍል ሁለትን መቼ ነው የምትለቀው? ተከታዮቻችን እያስቸገሩን ነው፣ ትንሽ ቶሎ ቶሎ በል እንጂ።»