401 እየቆጠርኩ ሦስት ቀን

አንዲት የኤክሴል ፋይል ከመሥሪያ ቤታችን የጋራ ሳይት ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በጻፍኩት ስክሪፕት ላውርድ ብዬ ተነሣሁ፤ ይኸው ሦስተኛ ቀኔ። በብሮውዘር ስገባ እልል ብሎ ይቀበለኛል፣ በኮድ ስመጣ 401 የሚል የስህተት ቁጥር፣ «ማን ነህ?» የይለፍ ቃል ብቻ አይበቃም አሉ። ስልክ ላይ የሚላከውን ቁጥር ታዲያ ስክሪፕቴ ከየት ያምጣው? ኪስ የለው! እሺ፣ ስክሪፕቴን እንደ አፕ አስመዝግቤ ቶክን (ጊዜያዊ የመግቢያ መታወቂያ) አገኘሁ። አሁን ደግሞ 403፦ አውቄሃለሁ፣ ግን አታልፍም። (እድገት ነው መሰለኝ።) ፈቃዱን የሚሰጡት የአይቲ ኃላፊው ናቸው፤ እሳቸው ስብሰባ ላይ ናቸው። ትናንትም ስብሰባ ላይ ነበሩ። ቶክኑ በአንድ ሰዓት ጊዜው ያልፋል፣ የሳቸው ስብሰባ ግን አያልቅም። አለቃዬ ደግሞ «አንዲት ፋይል ብቻ አይደለች እንዴ?» ይሉኛል። አዎ ጋሼ፣ አንዲት ፋይል ብቻ!