መለዋወጫ ሊጠይቅ የተመለሰ ደንበኛ

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልዲያ ከእንጨት፣ ከላሜራና ከሽቦ ሞዴል መኪና እየሠሩ ለመሸጥ የሚሞክሩ ወጣቶች አሉ። አብዛኞቹ በልጅነታቸው የሽቦ መኪና ሠርተው፣ ከአሮጌ ሸበጥ ጎማ ቆርጠው፣ ረጅም መሪ ተክለውለት በየመንደሩ እየነዱ ያደጉ ናቸው። ዛሬ የሚሠሩት አይሱዙ፣ ባጃጅ ወይም ዶልፊን ግን ለልጅ መጫወቻነት ብቻ ሳይሆን ሳሎን ውስጥ በክብር እንዲቀመጥ ጭምር የታሰበ ነው። የእነዚህ ልጆች ነገር ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ገንዘብ፣ ስለ መሥሪያ ቦታና ስለ ቁሳቁስ እጥረት ይሆናል። ችግሮቹ እውነተኛ ናቸው። እኔ ግን ከእነዚያ እኩል ሊነሳ የሚገባው፣ ብዙ ብር የማይጠይቅ ሌላ ጉዳይ አለ ባይ ነኝ፤ እሱም ደንበኛን የመስማት ጉዳይ ነው። ደንበኛን መስማት ስል ፊት ለፊት ጠይቆ የተመለሰውን መልስ መቀበል ማለቴ አይደለም። ደንበኛው ዕቃውን ቤቱ ወስዶ ምን እንዳደረገበት፣ የቱ ክፍል ቀድሞ እንደተሰበረበት፣ ምን ፈልጎ እንደተመለሰ መከታተል ማለቴ ነው።

ይህ ልዩነት በወሎ ጎልቶ ይታያል። የእኛ ሰው የለፋን ሰው ፊት ለፊት መንቀፍ ነውር ይመስለዋል። ወጣቱ ስንት ቀን የደከመበትን መኪና አቅርቦ «እንዴት ነው?» ሲለው፣ የኋላ ጎማው መዛነፉን እያየ እንኳ «ማሻ አላህ፣ ጥሩ ነው፣ አላህ ይባርክልህ» ብሎ ይመርቀዋል። ሠሪው ራሱ ጉድለቱን ቢያነሳ ደግሞ «አብሽር፣ ምንም አይደል» ይለዋል። ምርቃቱ ከልብ ነው። ይሁን እንጂ ያ ደንበኛ ሁለተኛ ላይመለስ፣ ለጎረቤቱም «እዚያ ሄደህ ግዛ» ላይል ይችላል፤ ሠሪውም ምክንያቱን ሳያውቅ ያንኑ የተዛነፈ ጎማ ለሚቀጥለው ገዢ ይሠራል። ይሉኝታ በጸናበት ገበያ ውስጥ «አስተያየትዎን ይስጡን» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ብቻውን ብዙ ፍሬ የለውም።

በዓለም ላይ ስም ያተረፉት የሞዴል መኪና አምራቾችም ደንበኛቸውን ያወቁት በመጠየቅ ብቻ አይደለም። የጃፓኑን ታሚያ እንውሰድ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታሚያ በ1946 በሺዙኦካ ከተማ የእንጨት መሰንጠቂያ ሆኖ ተጀመረ፤ ቆይቶ የእንጨት ሞዴል ሠራ፤ በ1960 ወደ ፕላስቲክ ገባ፤ በ1976 ደግሞ የመጀመሪያውን በሪሞት የሚነዳ መኪናውን፣ ከእውነተኛው 12 ጊዜ ያነሰውን ፖርሸ 934 አወጣ። ኩባንያውን የመሩት ሹንሳኩ ታሚያ ለዚህ ሞዴል ሲሉ እውነተኛ ፖርሸ 911 ገዝተው ፈታትተው አጥንተውታል። ሰውዬው ገዢያቸው መኪና የሚያውቅ ሰው እንደሆነ፣ የተሳሳተ ነገር ቢያይ ዝም ብሎ እንደማያልፍ ቀድመው ተረድተው ነበር ማለት ነው።

ከዚያ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ከሽያጭ በኋላ የሚሆነው ነው። እንዲህ ዓይነት ሞዴል የሚወድ ገዢ መኪናውን ሳይገጣጠም ይገዛና ራሱ ይገጣጥመዋል፤ ይነዳዋል፤ ይሰብረዋል፤ ከዚያ የተሰበረውን ክፍል ብቻ በቁጥሩ ጠይቆ ይገዛል። አምራቹ የአንድም ሰው የቅሬታ ደብዳቤ ሳይደርሰው፣ የትኛው መለዋወጫ ከመደርደሪያው ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ በማየት ብቻ ሥራው የት ላይ እንደደከመ ሊያውቅ ይችላል። ይሉኝታ የማያውቅ ምስክር ይህ ነው። ሰው ሠሪውን ላለማስቀየም ዝም ሊል ይችላል፤ የተሰበረበትን ክፍል ግን መግዛቱ አይቀርም።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። ታሚያ በ1983 «ፍሮግ» የተባለ፣ በአፈርና በአሸዋ ላይ የሚነዳ መኪና አውጥቶ ነበር። ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያደርሱት ዘንጎች ጫፋቸው ባለ ስድስት ጎን ነበር፤ መኪናው ብዙ ሲነዳ ጠርዙ እየተበላ ይሄድና ዘንጉ መያዣው ውስጥ በባዶው ይሽከረከራል፤ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጎማው አይገፋም። ፍሮግ የነበራቸው ሰዎች ይህን ችግር አሳምረው ያውቁታል። ኩባንያው በ2005 መኪናውን እንደገና ሲያወጣ ሰዎች በልጅነታቸው የወደዱትን ቅርጽ እንዳለ ጠብቆ ዘንጉንና መያዣውን ግን በተሻለ ቀየረ። እዚህ ላይ የሚደንቀኝ መለወጡ ብቻ አይደለም፤ ምን መለወጥ እንዳለበትና ምን መነካት እንደሌለበት መለየቱ ነው። ያው ደንበኛ አንዱን ክፍል «አትንኩብኝ»፣ ሌላውን «አስተካክሉልኝ» ይላል፤ ሁለቱንም ያልለየ አምራች ወይ የተወደደውን ያበላሻል ወይ የተጠላውን ይዞ ይቀራል።

ደንበኛ አፍ አውጥቶ የማይናገረው ነገርም አለ። ማችቦክስ (የክብሪት ሳጥን ማለት ነው) የተባሉት ትንንሽ የብረት መኪናዎች የተጸነሱት ከአንዲት ልጅ ችግር ነው፤ ትምህርት ቤቷ በክብሪት ሳጥን ውስጥ ከሚገባ ነገር የሚበልጥ መጫወቻ ይዞ መምጣትን ስለከለከለ፣ ማችቦክስን የሠራው የሌስኒ ኩባንያ ሰው የነበሩት አባቷ ጃክ ኦዴል የመንገድ መዳመጫ መኪና አሳንሰው ሠሩላት፤ ከ1953 ጀምሮ ያ መጠን የኩባንያው ዋና ገበያ ሆነ። በ1956 ኮርጊ የተባለው የእንግሊዝ አምራች በመኪናዎቹ ላይ ግልጽ የፕላስቲክ መስኮት ገጥሞ ሲመጣ፣ ከ1934 ጀምሮ ገበያውን ይዞ የቆየው ተፎካካሪው ዲንኪ ለመከተል ተገደደ። በ1968 ደግሞ የአሜሪካው ሆት ዊልስ ጎማዎቹን በቀጭን ሽቦ ላይ አስሮ፣ ሲገፉት ረጅም ርቀት የሚንሸራተት መኪና አወጣ፤ ማችቦክስ በማግስቱ ዓመት ፈጣን ጎማ ይዞ ለመምጣት ተጣደፈ። ልጆቹ «የሰበቃ ኃይሉን ቀንሱልን» ብለው የጻፉት ማመልከቻ ነበር ብዬ አላስብም። ይሁን እንጂ ልጅ መኪና ሲይዝ መጀመሪያ የሚያደርገው መግፋት እንደሆነ እጁን ያየ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከመናገሩ በፊት ያዩት ገበያውን ወሰዱ።

ወደ እኛ ልመልሰው። ከጅቡቲ ተነስቶ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው ጭነት የሚያልፍባት ኮምቦልቻ፣ ከባድ መኪናን እንደ መዳፋቸው የሚያውቁ ሾፌሮችና ረዳቶች የማይጠፉባት ከተማ ናት። እዚያ አንድ ወጣት ከእንጨት የሠራውን ፊያት ኤን ትሬ፣ ያንን የድሮ የጣሊያን የጭነት መኪና፣ ለአንድ በዕድሜ ጠና ላሉ ሾፌር ሲያሳያቸው አይቻለሁ። ሰውዬው ቀለሙንም ጋቢናውንም አላዩም፤ መኪናውን ገለበጡና ሆዱን ተመለከቱ። «የኋላው ጎማ በየጎኑ ሁለት ሁለት ነው እኮ፤ በነጠላ ጎማ ጭነህማ የደሴን ዳገት አትወጣትም፣ ልጄ» አሉት። ቀጥለው የባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) ንብርብር ማነሱን፣ ስፖንዳው (የጭነቱ ቦታ የጎን ግድግዳ) ማጠፊያ እንደሌለው፣ የስፖኪዮው (የጎን መስታወቱ) ክንድ ወደ ፊት መውጣት እንደነበረበት እየነኩ አሳዩት። ልጁ «እሺ ጋሼ» እያለ አዳመጠ።

እንግዲህ እኚህ ሰው ይሉኝታ የሌላቸው ሰው ሆነው አይደለም። ያወሩት ስለ ልጁ ሥራ ሳይሆን ስለ ኤን ትሬ ስለነበር ነው። የእኛ ሰው ስለ ሠሪው ሲጠየቅ ይመርቃል፤ ስለ መኪናው ሲጠየቅ ግን እውነቱን ይዘረግፋል። ስለዚህ ወጣቶቹ «ሥራዬ እንዴት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ትተው «እርስዎ ይነዱት የነበረው ምን ይመስል ነበር? ፓራፋንጎው (የጭቃ መከላከያው) ላይ ምን ተጽፎ ነበር? ፖርቶ መጋላው (ጣሪያ ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ) ላይ ምን ይታሰር ነበር?» ብለው ቢጠይቁ፣ በአንድ ሻይ ሰዓት ውስጥ ከብዙ ሥልጠና የሚበልጥ ዕውቀት ይሰበስባሉ። በዚያ ላይ ዕድሜውን ከመሪ ጋር ያሳለፈ ሰው የመጀመሪያ መኪናውን በትንሹ ተሠርቶ ቢያገኝ ከማንም በፊት ገዢ የሚሆነው እሱ ነው። ታሚያ የድሮ መኪናዎቹን እየደጋገመ ማውጣቱ የሚያዋጣው፣ በልጅነታቸው ያማራቸውን ዛሬ መግዛት የሚችሉ ጎልማሶች ስላሉ ነው። በወሎም ኤን ትሬን የሚናፍቁ ሰዎች አሉ።

ደንበኛ ያለው ሁሉ ይፈጸም ማለቴ ግን አይደለም። አንዱ ገዢ ዶልፊኑን ተለቅ አድርግልኝ ይላል፤ ሌላው አውቶብሱን አሳንስልኝ ይላል፤ ሠሪው ሁለቱንም እሺ ካለ በገበታው ላይ ዶልፊኑና አውቶብሱ እኩል ቁመት ይዘው ይቀመጣሉ፣ መኪና የሚያውቅ ሰውም ትቷቸው ይሄዳል። ሰብሳቢ ሰው አንድ ገዝቶ የሚቀር አይደለም፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ጎን ሊደረድር ነው የሚገዛው። በዓለም ገበያ 1:64 (ከእውነተኛው 64 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው)፣ 1:43፣ 1:18 እየተባለ መጠን ተወስኖ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ለእጅ ሥራ 1:24 የሚመች ይመስለኛል፤ 4.7 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ዶልፊን ወደ 20 ሳንቲ ሜትር፣ 12 ሜትር የሚሆነው አውቶብስ 50 ሳንቲ ሜትር ይመጣል፤ ስፖኪዮና ማጠፊያም ለመሥራት ቦታ ይገኛል። መጠኑን የሚወስነው ሠሪው ይሁን፤ በዚያ መጠን ውስጥ ያለው ዝርዝር ግን የደንበኛው ይሁን።

ለልጅ የሚገዛና ለመደርደሪያ የሚገዛም አንድ አይደሉም። የጎልማሳው ስፖኪዮ ከላሜራ ቢሆን ያምርበታል፤ ልጁ እጅ ሲገባ ግን ሹል ጠርዝ ስላለው አደገኛ ነው፤ ባይቆርጠውም ቶሎ ይሰበራል። ለልጅ የሚሠራው ከጎማ ቁራጭ ቢወጣ ሲነካ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም።

መለዋወጫውን በተመለከተ፣ እዚህ አገር ሞዴል መኪና ሲሸጥ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ጎማው ከወለቀ ቤት ውስጥ በሙጫ ይለጠፋል፤ ያ ካልሆነ መኪናው ከአልጋ ሥር ይገባል። ሠሪው ሁሉንም ጎማ በአንድ መለኪያ ቢሠራ፣ ትርፍ ጎማ በረከሰ ዋጋ እንደሚሸጥ ለገዢው ቢነግረው፣ ከመኪናው ሆድ ላይም ስሙንና መገኛውን ቢጽፍ ደንበኛው የሚመለስበት ምክንያት ያገኛል። የተመለሰበትንም ምክንያት በደብተር መያዝ ነው፤ ጎማ ስንት፣ ስፖኪዮ ስንት፣ ማጠፊያ ስንት። ቀጣዩ ሥራ ከየት መጀመር እንዳለበት ደብተሩ ያሳያል።

ለከተሞቻችን የንግድና የኢንተርፕራይዝ ጽሕፈት ቤቶችም አንድ ሐሳብ አለኝ። በሺዙኦካ በየዓመቱ በግንቦት ወር አካባቢ በሚካሄደው የሞዴል ትርኢት አምራቹ አዲሱን ዕቃ ያሳያል፤ ደንበኞችም ቤታቸው የሠሩትን፣ የለወጡትንና ያሻሻሉትን ይዘው በዚያው ይሰበሰባሉ። የእኛ ባዛር ላይ ወጣቱ ያማረውን ብቻ ደርድሮ ይቆማል፤ ባለሥልጣን መጥቶ ያደንቃል፤ ፎቶ ይነሳል። ለሚቀጥለው ባዛር ግን ከኮምቦልቻ ሾፌሮችና መካኒኮች ይጠሩ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎችም አብረው ይምጡ። ካለፈው ዓመት ከተሸጡት ውስጥ የተሰበሩትን ይዞ ለሚመጣ ገዢ ጥገናው በነጻ ይደረግለት፤ ተሰብረው የመጡትም ከአዲሶቹ ጎን በዚያው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ።