ሱሉልታ ላይ ደንበኛ የሚያመጣው ጎረቤት ነው
ስለ ሆቴል ሥራ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ከከተማ ወጣ ያለ ሆቴል ደንበኛ የሚያገኘው በቲክቶክ ነው» ይላል። አልስማማም። ሱሉልታ ላይ ትንሽ ምግብ ቤትና አልጋ አለኝ። በቲክቶክ የመጣው አንድ እሁድ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። የሚመላለሰው በሰፈሩ ሰው በኩል የመጣው ነው። ወተቱን ከጎረቤት ገበሬዎች እረከባለሁ፤ እነሱም ሰርግና ክርስትና ሲኖራቸው የሩቅ እንግዶቻቸውን እኔ ጋ ያሳድራሉ። የእድሩ ስብሰባ አዳራሼ ውስጥ ነው፣ ኪራይ አልጠይቅም። ሯጮቹ ደግሞ ሌላ ናቸው! ሜዳው ከባህር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር ስለሚበልጥ ለልምምድ ይመርጡታል። ከአሰልጣኞቻቸው ጋር ተነጋግረን፣ ሮጠው ሲመለሱ ቁርሱ ትኩስ ሆኖ ይጠብቃቸዋል፤ ረቡዕና ዓርብ የጾም። ጽሑፉ ሥር በሰጠኸው አስተያየት «ባጃጆች ኮሚሽን ካልበሉ ሰው አያመጡም» ያልከው ወንድሜ፣ እኔ ምሳ ብቻ ነው የምጋብዛቸው፤ በምሽት መንገድ የጠፋበትን እንግዳ እስከ በሬ ያደርሱልኛል።